ከግራ ወደ ቀኝ

ዓይናለም አልናት ገና በአራስነት፣
ማንም ሳይነግረን ዓይኗ ምን እንዳለበት።
በስድስተኛ ወሯ፣ አፉላ ሆስፒታል፣
ዶክተሩ በባትሪ ብሌኗን ይቃኛል፤
መብራቱ ግራ ቀኝ ቢሄድ ቢመላለስ፣
እሷ የምትከተል የእናቷን እስትንፋስ።
“ዓይነ ስውር” ሲባል ያን ለታ አደመጥሁት፣
ስውር እንጂ ጠፊ አይልም፤ የት ነው የሸሸጉት?

ወረቀት ሰጡን ከዚያ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዓይኔ የሚፈራ።
የአካል ጉዳት አበል፣ የዓይነ ስውር ካርድ፣
አንዱን ሞልተን ሳንጨርስ ሌላ የሚወለድ።
ልጄ ይሻይ ነበር አንባቢው፣ በአሥር ዓመቱ፣
ከኳስ ሜዳ ጠርቼው፣ ላብ ሳይደርቅ ከፊቱ፤
“አባዬ፣ ይጠይቃሉ፣ ‘ምን ያህል አታይም?’”
አለኝ። ዝም አልሁ። እሱም፣ እስክሪብቶውም ዝም።

“ስሟን ቀይሩት” አሉን የመከሩን ሁሉ፣
“ዓይን የሌላትን ልጅ ዓይናለም አትበሉ፣
ያሾፋችሁባት ይመስላል” እያሉ።
እናቷ ትርንጎ ቡሖ እያቦካች፣
“ስም ነው ያወጣሁላት፣ መነጽር አይደለም” አለች።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ በዝናብ፣ ያለ ጃንጥላ፣
አስተማሪዋ መጣች፣ ጺላ፣ ከላይኛው አፉላ።
ከቦርሳዋ መድኃኒት ታወጣልኝ መስሎኝ፣
የእንቁላል ካርቶን አውጥታ “ቁረጥ” አለችኝ።
ከግማሹ ቆረጥሁት፤ ስድስት ጉድጓድ ቀረ።
ሎሚ ከደጅ ለቀምሁ። ትምህርት ተጀመረ።

“ፊደል ቆጠረ” ሲሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፣
ምኑ እንደሚቆጠር ገና ያን ቀን አየሁ፤
አንድ ሎሚ፣ አሌፍ። በእጄ ዳሰስሁት።
ሁለት ሎሚ፣ ቤት። ሦስቴ መላለስሁት።
ሌሊት የማሽገው የፋብሪካው ሣጥን
ለወረቀት ነቁጥ አደንዝዞታል ጣቴን፤
ለሎሚ ግን ይበቃል። ሎሚ ሰው አያሳፍርም፣
ቢወድቅ ይነሣል፣ ቢሳሳቱ አይቆጣም።

ዓዪን ላይ ደረስን፣ የስሟ መጀመሪያ፣
ሁለቱ ጉድጓድ ባዶ፣ አራቱ የሎሚ ማደሪያ።
“ዓይን ማለት ነው በእኛ ቋንቋ” አለች ጺላ፤
“በእኛም” አልኋት። ልጄ አንደኛውን ነክሳ ልትበላ
ፊቷ ተጨማደደ። ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ማዕከሉ ምድር ቤት፣
ወላጆች እንቀመጣለን “አይዞህ” በሌለበት።
ኢብቲሳም፣ ከሱላም መንደር፣ መንታዎች ያሏት፣
“በር በግማሽ አትተው” ያለችኝ እሷ ናት፤
“ወይ ዝጋ ወይ ክፈት፤ ገርበብ ያለ ግንባር ይመታል።”
ይህን የመሰለ ምክር የትኛው ቅጽ ላይ ይገኛል?
ቬንያሚን ካልሲዎችን በመርፌ ቁልፍ ያጣምራል፣
ልጁ ማንንም ሳይጠራ ራሱ ይለብሳል።
እኔም ተራዬ ሲደርስ ስለ ሎሚው አወራለሁ፣
በተሰባበረ ዕብራይስጥ፤ ማንም አላረመኝ፣ ቀጥያለሁ።

አሁን ሰባት ሆናት።
እኔ ከሎሚ አላለፍሁም፤ እሷ መጽሐፍ ገባች።
ትናንት ማታ፣ መብራት ሳይበራ፣ አልጋዋ ላይ ታነባለች፤
በእጇ ላይ እጄን ጫንሁ፣ ጣቷ ሲሄድ ተከተልሁ፣
ደንገጥ አልሁ።
“ዓይናለም፣ ተሳሳትሽ፤ ዕብራይስጥ በዚህ አይሄድም።”
“የእኔ ይሄዳል አባዬ። የእኔ በዚህ ነው ሁልጊዜም።”

ከግራ ወደ ቀኝ! እንደ ሀ ሁ፣ እንደ አማርኛ።
እጄን አላነሣሁም። መስመር አለቀ፤ ቀጠልን እኛ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ አገር ፊደል ጋር
እሱ ሲመጣ እኔ ስሄድ፣ እንደ ጠባብ በር
ትከሻ ስንጋጭ ኖረን፣
በልጄ ጣት ሥር ተገናኘን።

ዛሬ ጺላ ደወለች፦ “ከሚግዳል ሃኤሜቅ አንድ አባት፣
አማርኛ ብቻ የሚናገር፣ ልጁ ገና አራስ ናት፤
እኔ ከምሄድ አንተ ብትሄድለት?”

ማታ እንቁላል ጠበስን፣ ሁሉንም፣ አሥራ ሁለት።
ማንም አልራበውም ነበር።
በላን፣ ለካርቶኑ ስንል።