ሁለት ጣሳ አፈር

ሙሄ ከጦሳ ሥር ኮምቦልቻ መጣ፣
አፈር በከረጢት፣ ፀሐይ ሳትወጣ።
«ዝናቡስ አልቀረም፣ ይመጣል በወጉ፤
የኔ መሬት እንጂ የጠፋው ማዕረጉ፣
እንግዳ አያሳድር፤ ውሃ ደጁ ቢደርስ
ወደ ቦርከና ነው በሩጫ 'ሚመልስ።»

ሁለት ጣሳ ሞላሁ፣ ታቻቸውን በስቼ፤
የአንዱን አስቀድሜ እንደ ሽምብራ ቆልቼ።
እኩል አጠጣኋቸው።
የተቆላው ወዲያው ለቀቀው በሥሩ፤
«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «የእርሻዬ ምሥጢሩ።»
ያልተቆላው ግና ጠብታው ዘገየ፣
ጠብ ሊል ተንጠልጥሎ፣ አሰበ... ቆየ።

«ማን ያዘው?» አለና በማጉያው ሲያጮልቅ፣
«ባክቴሪያ ነው» አልሁት፣ «ከአቧራ የሚደቅቅ፤
ልጋጉን አንጥፎ በየቅንጣቱ ዳር
'ቤት ለእንግዳ' ባዩን ጠብታ 'ሚያሳድር።»

ዝም አለ። ጢሙን ያዘ። «ገለባውን ሁሉ
በየበጋው ሳነድ... እነሱም ይቆላሉ?»

«አብሽር» አልሁት፣ «ያው፣ ይህኛው አልሞተም።»
መልስ አልሰጠኝም። አልተቀመጠም።
ጎንበስ ብሎ ብቻ፣ እንደ ልጅ ምርቃት፣
በተቆላው አፈር «እንትፍ፣ እንትፍ» አለበት።