አምስት ቅብብል

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ
ሐምሌ አቡክቶት ሜዳው ሊጥ ሆኗል፤
የቂሊንጦ ሁለተኛ ደረጃ በእግሩ መጥቷል።
ጋሽ ደሳለው፣ የኬሚስትሪው፣ ፊሽካውን ጠርጎ
«ያለ አምስት ቅብብል ጎል የለም» ብሏል።

ናሁሠናይ ለብቻው መጋለብ ነበር ልማዱ፤
ዛሬ ኳሷን ረግጦ ሰው ፈለገ፣ ጠፋው መንገዱ።
«አንድ!» አለ ከዳር ጃንጥላ ሁሉ።
«ሁለት!»
«ሦስት!» ኩሬ ላይ ቆመች፣ «ግፋት!» አሉ።
«አራት!»
ከቦይ ገባች።
ፊሽካ። ቅያሬ።

እኔ በነጠላ ጫማ ከዳር ነበርኩ እስካሁን፤
ከምትኩ ጋር አንድ ጥንድ ታኬታ ነው ያለን።
እየሮጠ መጣ፣ አናቱ ይጨሳል፣
ጭቃ የቆለፈውን ማሰሪያ በጥፍሩ ፈታ፤
እርጥቡን፣ ትኩሱን፣
አንድ ቁጥር የሚሰፋኝን፣
እጄ ላይ አኖረው።

«አምስት» አልኩ ለራሴ።
ማንም አልቆጠረው።