በኋላ በር

ሱቁ ጥግ ላይ ነው፥ በዱሉት ከተማ፣
የሐይቁ በረዶ ሌሊት ሲሰነጠቅ፥ እስከ ደጁ የሚሰማ።
ማርዬታ ካንጋስ ዳቦ ቤት አማራት፤
የምድጃውን ቦታ ወለሉ ላይ በኖራ አሰመረች፥ ገና ቁልፍ ሳይሰጣት።
ደላላው ብሬንት ሰዓቱን እያየ፣
«ግድግዳው ጤነኛ፥ ጣሪያው ያልተለያየ፣
ሌላ ገዢ መጥቷል፤ ማን ያውቃል ከቆየ?»

ባንኩ ግን እኔን ላከ።
ግድግዳ አላይም። ጣሪያም አልቆጥርም።
ከወለል በታች ያለውን መጠየቅ ነው ሥራዬ፤
«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» የሚባለውን
በወር ደመወዝ የምሠራው ሰው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ወረቀት።
በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፥ አቧራ እያስነጠሰኝ፣
ጠርዙን አይጥ የበላው የእሳት መድን ካርታ፤
የሠላሳ ስምንቱ «የፈረስ ጋጣ» ይላል፤
የሃምሳ ሁለቱ፥ በደቃቅ ፊደል፥ «ላውንደሪ»።
ሌላ ምንም አይልም።
አንድ ቃል ናት፤ እኔ ግን እሷን ካየሁ አልተኛም።

ኦርቪል ቱንስታድ፥ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ፣
የአረጋውያን ማረፊያ መስኮት ሥር ነው ቤቱ።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ኮት አጥቧል፤
የዳኛውን፣ የሙሽራውን፣ ሬሳ የሚለብሰውንም ተኩሷል።
«የመድኃኒቱ ሽታ ይጣፍጥ ነበር» አለኝ፥ ፈገግ ብሎ፤
«እድፍ ሲያነሳ ተአምር ነው፤ ሐር እንኳ አይጎዳም።
አርብ ማታ ማሽኑን እንጠርጋለን፤
አተላውን በጣሳ ይዤ በኋላ በር እወጣለሁ፣
ሊላኳ ሥር እደፋለሁ።
አለቃ ነው ያዘዘኝ። ሕግም አልነበረ። ማን ያውቅ ነበር?»
ቆየት አለና፦
«ሊላኳ ግን አላበበችም» አለ። «እንግዳ ነገር።»

አፈርም ሆድ አለው፤ ሆድ ግን አይፈጀውም፤
የጠጣውን ይዟል፥ ረሳሁት አይልም።

ሰኞ መሰርሰሪያው መጣ፤ ጢማችን ላይ በረዶ።
ስምንት ጉድጓድ፥ እያንዳንዱ ጡጫ የማያስገባ።
ዋንዳ አፈሩን ከነቱቦው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታጋድመዋለች፤
አንደኛው ምንም፤ ሁለተኛው ምንም፤
አምስተኛው ላይ ቡና ጠጣን፥ መሳቅም ጀምረን ነበር።
ስድስተኛው፥ ሊላኳ የነበረችበት፥
መለኪያው ጮኸ።
ዋንዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፥ ልቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

ሻጯ ሲግኔ የአለቃው ልጅ ናት።
የሽያጩ ብር የዳሌዋ ቀዶ ሕክምና ነበር።
ውጤቱን ስነግራት መነጽሯን አወለቀች፤
«አባቴ ንጹሕ ሰው ነበር» አለችኝ።
አዎ፥ ሲግኔ። የከተማውን እድፍ ሁሉ አነሳ፤
ያነሳውን ግን የሆነ ቦታ ማኖር ነበረበት።

«መሬት ገዛሁ» ያለ፥ ሥሩን ሳይጠይቅ፣
መሬት ይገዛዋል፥ በዕዳ እስኪማቅቅ።
ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው፥ በሦስት መቶ ገጽ።

ስልሳ ሁለት ገጽ ዘገባዬን
ማርዬታ መኪናዋ ውስጥ አነበበችው፥ ሞተሩን ሳታጠፋ።
ዋጋው ስንት ይቀነስ እንደሆነ ትጠይቀኛለች ብዬ
ቁጥሩን አዘጋጅቼ ነበር።
«ከኋላ ያለው አረንጓዴ ቤት» አለችኝ፤
«ምድር ቤቱ ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ?»

ዝም አልኩ።
እኔ የቆምኩት አጥሩ ጋ ነው፤ ውሉ እስከዚያ ነበር የሚለኝ።
ቁልቁለቱ ግን ወደ አረንጓዴው ቤት ነው፥ ከዚያም ወደ ሐይቁ፤
አፈሩ ውሉን አላነበበም።

ብሬንት ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም።
ከመኪናዋ ወረደች፥ ዘገባውን በብብቷ ይዛ፤
ጣቷ ላይ ኖራው አለ።
በአጥሩ ዞረች፥ በረዶውን እየረገጠች፣
የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች።