የኮቴ ውሃ

ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ፣ ቦርከናን ሲሻገሩ፣
ወገብ ድረስ የሚውጥ፣ ቢጫ ነው ሣር ምድሩ።
እዚያ ነው እንጀራዬ። በየአሥራ አምስት ቀኑ
ችግኝ እቆጥራለሁ፤ ስንት ቆሙ፣ ስንት ባከኑ።
ግራር ነው የሚበዛው፣ ቁርቁራም አለበት፣
በሐምሌ ጭቃ የተተከለ፣ ቁጥር የታሰረበት።

ባለ ሁለት ጥርስ ብረት አፈር ላይ እሰካለሁ፤
መስኮቱ ላይ ቁጥር ይበራል፣ ያንን እጽፋለሁ።
ሃያ ሁለት ከመቶ፣ መስከረም ሲጠባ፤
አሥራ አራት፣ በጥቅምት፣ ነፋሱ ሲገባ፤
ኅዳር፣ ስምንት።
ከስምንት በታች ያለውን አፈሩ ብቻ ያውቃል፤
ችግኙ ቅጠሉን እንደ እጅ አጥፎ ይጠብቃል።

አያ ሙሄ፣ የቦታው ዘበኛ፣ በብረቴ ይስቃል።
ጎንበስ ብሎ ይዘግናል፣ በጡጫው ይጨብጣል፣
ሲከፍተው እንደ ዱቄት በጣቶቹ መሃል ያመልጣል።
«ይኸው» ይላል፣ «ሲጨብጡት ያልረጋ አፈር፣
እንኳን ግራር ሊያሳድግ፣ ጉንዳንም አይቀብር።»

መጀመሪያ ጠላታችን ሣሩ መስሎን ነበር፤
ግማሹን መደብ አጨድነው፣ ግማሹ እንዳለ ይደር።
የታጨደውን ፀሐይ ልጣጩን ገፈፈው፤
ሣር ያለበትን ደግሞ፣
ሣሩ ጥላ ሰጠው፣ ውሃውን ግን ዘረፈው።
ካፊያ ከሆነ የሣር ነው፤ ሥሩ ስንዝር አይሞላም፣
ከላይ ከላይ ይልሳታል፣ ለታች ጠብ አይልም።
ዶፍ ሲወርድ፣ ሲያድር፣ ሲደግም ብቻ ነው
ክንድ ሙሉ የሚዘልቀው፣ ግራር የሚያገኘው።
ዘንድሮ ዶፍ የለም። ጦሳ አናት ላይ ዳመናው ያንዣብባል፣
ደሴ ላይ ያለቅሳል፣
እኛ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ይጠርጋል።

አንዷን የሞተች ነቀልኩ። ከላይ ቁመቷ አንድ ስንዝር፤
ሥሯን ግን ተከትዬ ብቆፍር፣ ብቆፍር፣
ክርኔን አለፈ። ቀጥ ብሎ፣ ወዲያ ወዲህ ሳይል፣
ርጥበቱ እየሸሸ ሲወርድ፣ ኋላ ኋላ ሲከተል።
ሁለት ጣት ነበር የቀረው።
ከጫፉ በታች አፈሩ ጥቁር ነው፤
አሸተትኩት። ሐምሌ ሐምሌ ይላል።
ደብተሬ ላይ «ቆመ» አለ፣ «ሞተ» አለ፤
«ሊደርስ ሲል» የሚል ግን የለ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ አያ ሙሄን እንቅልፍ ጥሎት፣
የእትዬ ጦይባ በሬ አጥሩን ጥሶ ገባ፣ በጭቃ፣ በሌሊት።
ዘጠኝ ችግኝ ጨፈለቀ። ጽሕፈት ቤቱ ከደሴ ጻፈ፤
ከሙሄ ደመወዝ ላይ የሦስት ቀን ተገፈፈ።
ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤
«በሬው ሐቁን ነው፣ ሣር አይቶ ማን ያልፋል» ብሎ ተወው።

ታኅሣሥ ላይ ብረቱ አምስት አለ፤ ዝቅ ብሎ አራት።
ረድፉን ይዤ ወረድኩ። ሞተ። ሞተ። ሞተ። ሠላሳ አራት፣
ሠላሳ አምስት፣
ሠላሳ ስድስት፣
ሠላሳ ሰባት ላይ ቆምኩ።

አረንጓዴ ነበረች።
በእግሯ ሥር፣ እንደ ሸክላ የደረቀ የበሬ ኮቴ ነበረ፤
ጥፍሩ በገመሰው ስንጥቅ፣ ግንዷ ቀጥ ብሎ ተወተረ።
ጥልቀቱ አንድ ጭብጥ ነው። የመጨረሻዋን ዝናብ አቁሮ፣
ሣሩ ሳያይ፣ ቁልቁል፣ ለሥሯ አበድሮ፣
እስከዚያች ጥቁር አፈር ድረስ ስንቋን ቋጥሮላት።
ብረቱን ሰካሁ፦ አሥራ አንድ።

አያ ሙሄን ጠራሁት። ዘገነ፣ ጨበጠ፣ ከፈተው፤
አልፈረሰም። የጣቶቹ አሻራ ላዩ ላይ ቀረ፣ አየነው።
በብረቴ አልሳቀም።
እኔም ስለ ደመወዙ ቃል አላነሳሁም።
«ለደሴ ምን ትጽፊያለሽ?» አለኝ፣ መዳፉን ሳያራግፍ።

«እንክብካቤ» የሚል ዓምድ አለ። መስኖ፣ ጉዝጓዝ፣ አጨዳ
ከሚሉት ሥር፣ ባዶ ቦታ ፈልጌ፣ በሬ ብዬ ጻፍኩ።
«ወጪ» በሚለው፣ የሙሄ ሦስት ቀን።

ከሐርቡ በኩል ደረቁ ነፋስ መንፈስ ጀምሯል።
በልጉ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።