የቁልፍ ቀዳዳ

መጀመሪያ የወጣው ለገሃር ነው፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፤
እጄ በሩን ይዟል፣ ሚኒባሱ ጨምሯል ፍጥነት፤
«ግባ ጋሼ፣ ቶሎ!» ረዳቱ አጣደፈኝ።
እኔ ገባሁ። ትከሻዬ ውጭ ቀረብኝ።

የእሪ በከንቱው ወጌሻ፣ አባ ደምለው፣ አሽቶ
ቋ! አድርጎ መለሰው፣ በጉልበቱ ደግፎ፣ ጎትቶ።
አራቴ መለሰው። በአምስተኛው እጁን ጠረገ፦
«እኔ የወጣ እመልሳለሁ፤
መውጣት የለመደ ግን ሐኪም ፈለገ።»

እውነቱን ነው። ኮት ስለብስ ይወጣል።
ከመደርደሪያ ጣቃ ሳወርድ ይወጣል።
ወዳጅ ባሻገር አይቼ፣ ሰላም ልል እጄን ሳነሣ ይወጣል።
እንደ አመለኛ ባል፣ እልፍነሽ ከጎኔ ተኝታ፣
በሌሊት ይወጣል።

ዶክተር መቅደላዊት ምስሉን መብራት ላይ ሰቅላ አየች፤
«የጉድጓዱ ጠርዝ ተተርትሯል» አለች።
ተተርትሯል! የኔን ቃል ከየት አመጣች?
«አንከፍትዎትም፤ በቁልፍ ቀዳዳ ነው የምንገባው።»
«የበሩን ነው የኮቱን?» አልኳት።
ፒያሳ ሠላሳ ዓመት የባጀሁት
ቁልፍ ስተክል፣ ቀዳዳ ስዘመዝም ነው፤
ሲጠብ እንዴት እንደሚያስጨንቅ፣ ሲሰፋ እንዴት እንደሚያዋርድ አውቃለሁ።
«የኮቱን» አለች ስቃ፤ «ሦስት ብቻ፤ በአንዱ ካሜራ፣
በሁለቱ መርፌና ክር።»
ታዲያ በምን ተለየ ከኔ ሥራ?

ማደንዘዣው ሲመጣ «ይቁጠሩ» አሉኝ።
ጸሎት ሊመጣልኝ ይገባ ነበር፤ የመጣብኝ
የሷ አረንጓዴ ጋውን ነው፦ ትከሻው ሁለት ጣት ወርዷል፣
ቀኙ ከግራው ብሶ። ማን ነው የሰፋው?
ሁለት… ሦስት…

ሦስት ነጭ ፕላስተር። የሚታየው ይኸው ነው።
ጥሩ ስፌት አይታይም እያልኩ ስንት ተማሪ የገሠጽኩት ሰው
የማላየውን ስፌት ተሸክሜ፣ ጣራ ጣራ እያየሁ፣
«ይይዝ ይሆን?» እላለሁ፣ እንደ ደንበኛ እነዘንዛለሁ።

ስድስት ሳምንት ክንዴ በማንገቻ ታሥሮ
ሲንጀሩን ናሆም ይነዳል፤ እኔ በአፌ እሰፋለሁ፦
«ቀስ! ክሩን አላላው! ኧረ ቀስ!»

በሰባተኛው ሳምንት፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ጋውን በፌስታል ይዛ፦
«ሊተኙ ሲሉ የሰደቡትን ትከሻ አምጥቻለሁ።»
ለካ ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት!
ለብሳ ቆመች። ስፒል ልሰካላት እጄን አነሣሁ፤
እስከ አገጬ ደረሰና ቆመ። እኔም ቆምኩ።
እሷ ልብሱን ትታ እጄን ታያለች።
አልወጣም።
«ትንሽ ዝቅ በይልኝ» አልኳት።