ፍሬቻ

ሞሪሷ ቆማለች ከቆርቆሮው በታች፣
ጋሽ እርገጤ ሲሞቱ ለእኔ የደረሰች፤
ዶሮ ማነቂያ፣ ከግቢ ጀርባ ግቢ።

ሚሊ መፍቻ አታውቅም፣ ኢንች ነው ቋንቋዋ፤
ሶማሌ ተራ ዞርኩ፣ የለም መለዋወጫዋ።
«ሙዚየም ጠይቂ» ቢለኝ አንድ ነጋዴ፣
ከእናቴ ሲንጀር ላይ ብሎን ፈታሁ በዘዴ።
(እናቴ አታውቅም።) እየተቆጣ ገባ፤
ካርቡራተሩም አቆመ የቤንዚን እንባ።

ግንቡ የተገነባው ከገባች በኋላ ነው፤
መውጫ ካጣች እንግዲህ ሠላሳ ዓመቷ ነው።
ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ካንዴላ አጥባለሁ፣
በማኖቬላ ጠምዝዤ አስነሣታለሁ፤
ታስላለች፣ ጭሷ የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል።
«የት ልትሄጂባት ነው?» ይለኛል ናሁሠናይ፤
«የትም። መፍቻውን አቀብል፣ ወዲያ አትይ።»

ማክሰኞ ቀይ ቀለም ግንባችን ላይ ታየ።
እሑድ
ግንቡ ወደቀ።
ቤቱም አብሮ።

መንገድ አገኘች ሞሪስ።
መሪዋን ይዤ ተቀመጥኩ፣ አቧራው እስኪበርድ፤
ፍሬቻዋን ብነካ ከጎኗ ብድግ አለች፣
ጥያቄ እንዳለው ተማሪ እጅ፣
ቢጫ መብራቷ እየተርገበገበ።
ወደ ግራ? ወደ ቀኝ?
አልመለስኩላትም።
ሞተሯ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
አልጠፋም።