ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ደላላ አልያዝኩም። ሁለት ከመቶውን
ለሰው ከምሰጥ ብዬ፣ ይህን አሮጌ ቤቴን
እኔው ልሸጥ ወጣሁ።
ወረቀት ለጠፍኩኝ፣ ስልኬን በትልቁ፣
በቦዩ የሚያልፉ ጀልበኞች እስኪያውቁ።

ከዚያ ቅጹ መጣ፤ ዘጠኝ ገጽ መጠይቅ፣
ሰም የማይቀበል፣ የሚሻ ንጹሕ ወርቅ፦
«ጣራው ያፈሳል ወይ? አስቤስቶስ አለው?
ከጎረቤትህ ጋር ክርክርህ ምንድነው?
መሠረቱስ? ከሥር የቆመበት እንጨት
በስብሶ ይሆን ወይ? አይተሃል ምልክት?»
(ዶርድሬክት ናት ይቺ፤ ግማሽ ከተማዋ
በረግረግ ውስጥ ቆሟል በእንጨት እግሯ።)

ሦስት ትንንሽ ሳጥን፦ አዎ። አይ። አላውቅም።
ሦስተኛዋ ሳጥን እንዴት ትመቻለች!
እንደ ጥግ ወንበር «ና፣ ዐረፍ በል» ትላለች።
ሕጉ ግን አይተኛም፦ «ያወቅኸውን አውጣ፤
የደበቅኸው ነገር ኋላ ብቅ ቢል፣ ጣጣው
ካንተ ጋር ነው፤ ፊርማ አያሻግረው።»

«ዝም ባለ አፍ ውስጥ ዝንብ አይገባም» ይል ነበር አባቴ፤
ዝም ባለ ቤት ግን ውሃ ይገባል፣ ይኸው ቤቴ።

ሽማግሌው ቴውኒስ ይህን ቤት ሲሸጥልኝ
ትልቁን ቁም ሳጥን በነፃ መረቀኝ።
«ከባድ ነው፣ አይወጣም፣ እዚያው ይቁም» አለኝ።
እጁን ጨበጥኩና «ያክብርልኝ» አልኩኝ።
አምና ትብለጥ ልብሷን ጠቅልላ ስትወጣ
ሳጥኑ ባዶ ቀርቶ፣ ቀዝቃዛ አየር መጣ
ከጀርባው።

ገፋሁት። ግድግዳው፣ ከላይ እስከ ታች
ስንጥቅ። ዳርና ዳሩ የእርሳስ ቁጥሮች፦
«1991፣ ሁለት ሚሊ። 1996፣ አራት።
2004፣ ሰባት።»
የተጠነቀቀ፣ ንጹሕ የአስተማሪ ጽሕፈት።
እኔ የገዛሁት በማግስቱ ዓመት።

መልሼ ገፋሁት። አንድ ወር አደርኩበት።
ቅጹ ላይ «አላውቅም»ን ምልክት አኖርኩበት፣
በእርሳስ። ይጠፋል ብዬ።

ቅዳሜ ጥንዶች መጡ፤ ልጅቱ ነፍሰ ጡር።
መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳርፋ በፍቅር
«ይሄ አብሮ ነው ወይ?» አለችኝ። ምላሴ ላይ
የቴውኒስ ቃል መጣ፦ «ከባድ ነው፣ እዚያ...»
ዋጥኩት።

«ዮሪስ፣ እስቲ አግዘኝ» አልኩት ባሏን።
ሁለታችን ገፋን።
ጣቱን ሰደደበት፤ እስከ አንጓው ገባ።
ማርሌን ዓመታቱን አነበበች፣ ቀስ ብላ፣
እንደ ሙት ሐውልት።

እርሳሴን አወጣሁ። ከሰባቱ በታች
«2024፣ አሥራ አንድ» ጻፍኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠች።
ቅጹን ግን በእስክሪብቶ ነው ያረምኩት።

ሳጥኑ ክፍሉ መሐል ቆሟል፤ ማንም አልመለሰውም።
ሦስት ቀን ሆነ።
እስካሁን አልደወሉም።